ለመኪና ስለተቀባው ለጋ ቅቤ

ለተከበሩ ቀኛዝማች ወልደአማኑኤል፣ የአዳማ ገበያ ሹም፤

ጤናዎ የጸና፣ ወገብዎም ከመኪናዎ መንገጫገጭ ያገገመ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። መኪና ያለው ሹም ስላገኘን ደስታዬ ወደር የለውም፤ ከሩቅ ቋ ቋ ቋ ስትል ስለምንሰማት፣ ተነሥተን እጅ ለመንሣት በቂ ጊዜ እናገኛለንና። ወሬ እንደማበዛ ያውቃሉ፤ ይታገሡኝ።

፩ኛ፤ መኪናዋ መጮህና መንቀጥቀጥ ስትጀምር፣ ሌላ ሰው ቢሆን ከሥሯ ገብቶ ያይ ነበር። እርስዎ ግን በጥበብዎ አፈርሳታ አስቀመጡን። ነፍሰ ጡሯ ጎረቤቴ ቀመሪያ እንኳ ሳትቀር፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሜዳ ላይ ታጉረን፣ ያበላሸውን ሰው እንድናወጣ ታዘዝን። አንዲት ብረት ስላንኳኳች አገር ሲጠየቅ ማየት ትልቅ ክብር ነው፤ እናመሰግናለን።

፪ኛ፤ በሁለተኛው ቀን አንዲት ወፍ የሾፌርዎን የመርዳሳን ስም በሽማግሌዎቹ ጆሮ ሹክ አለችና በሰንሰለት አሰሩት። ወፊቱ እኔ ነኝ። ፀሐዩ በርትቶ ነበር፣ ቤት የተውኩት ቅቤዬም ይቀልጥ ነበር፤ አንድ ስም ከወጣ ሁላችንም እንደምንበተን አውቄያለሁ። መርዳሳ ሲወሰድ ዞር ብሎ፣ እትዬ አረጋሽ፣ ልጆቼን አደራ አለኝ። ለእኔ! ከዚያ ወዲህ በደጁ ሳልፍ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ እከናነባለሁ።

፫ኛ፤ የባቡር ጣቢያው ብረት ሠራተኛ ሀሰን ለምኜው መኪናዋን መረመራት። ባለችበት ቆማ ሞተሯ ሲነሣ ዝም አለች። ስትሄድ ጮኸች። ቁልቁለት ላይ ሞተሯን አጥፍቶ ሲለቃትም ጮኸች፤ በፈጠነች ቁጥር ጩኸቱ ባሰ፣ ወለሉም እግሩን አንዘረዘረው። እንግዲያው ሕመሙ ከሞተሩ አይደለም ብሎ ከሥሯ ገባ። የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚወስደው ረጅም ብረት፣ መጋጠሚያው ደርቆና ተበልቶ በእጅ ሲነካ ይወዛወዛል። የማሽን ቅባት በሚቀመጥበት ስፍራ ያገኘው የሻገተ ቅቤ ነው።

ቅቤ ይቀባ ያሉት እርስዎ ነዎት፤ የፈረንጅ ቅባት ይሸታል ብለው። መርዳሳ በአዳማ ሙቀት ቀልጦ ያልቃል ብሎ ቢለምንዎ፣ ለሹም መኪና ቅቤ ሲያንሳት ነው አሉት። ለጋውን መርጬ፣ እየሣቅሁ የሸጥኩልዎ ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ በዚያ ሜዳ ላይ ከመርዳሳ ሌላ እውነቱን የምናውቅ ሁለት ሰዎች ነበርን፤ አንዳችን በጃንጥላ ሥር፣ አንዳችን በፀሐይ።

ሀሰን ያየውን ቢነግርዎ፣ ሹም ያሰረው በብረት ምስክርነት አይፈታም ብለዋል አሉ። ግሩም ፍርድ ነው! ብረት ካልበቃ ሰው ይመስክር። ቅዳሜ ገበያው ሲሞላ ይህን ጽሑፍ ጮክ ብዬ አንብቤ፣ የመርዳሳ ሰንሰለት ባዶ እንዳይቀር የራሴን እግር ይዤ እመጣለሁ። የእርስዎን እግር ማንም አይጠይቅም፤ በሹም እግር ልክ የተሠራ ሰንሰለት አዳማ ገና አልደረሰም።

ከመኪናዎ ጩኸት በፊት ክብርዎን የምትሰማ፣ በአፈርሳታው የዋሸች ወፍዎ፣
አረጋሽ ባጫ፣ ቅቤ ነጋዴ
አዳማ፣ ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፳፫ ዓ.ም.
በጣቢያው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ

ማስታወሻ፦ አንድ ቅል ለጋ ቅቤ ልኬልዎታለሁ። እባክዎ ለመኪናዋ አይስጧት። ቅቤ ድሮም የሚቀባው ራስ ላይ ነው፤ ከመጋጠሚያው ይልቅ የደረቀውም እሱ ነው።