ከጋሼ ዘውዴ ግድግዳ ወዲህ ያለው ሰርቨር

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6
ቶርንክሊፍ ሰፈር፣ ያ የመኖሪያ ፎቅ ዋልኩ። ሊፍቱ እንደለመደው ተበላሽቷል። በደረጃ ወጥቼ ለአዲሱ ኢንተርኔታችን አንድ ቤተሰብ አስመዘገብኩ። ሕንፃው ምድር ላይ ያለችውን ዕቃ ክፍል ሰጥቶናል፤ ኢንተርኔታችን ከዚያ ተነስቶ በየቤቱ ይገባል። የቀረን ሰርቨር መምረጥ ነው። ሽርካዬ ያፌት መጽሐፍ የሚያክሉ ሁለት ሚኒ ፒሲ ይበቁናል ይላል። "ድምፅ የላቸው፣ መብራት አይበሉ። ሲምፕል ነው፣ ሩሂ።"
መጫወቻ ይዘን ሰው ፊት ልንቀርብ? አንድ የተዘጋ ኦፊስ የሚሸጠውን ትልቁን ዩዝድ ሰርቨር አይቼዋለሁ። ጉልበተኛ ነው። እኔ ያልኩት ካልሆነ ስሜን ቀይሩት።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 11
ገዛሁት። ለሁለት ተሸክመን አስገባነው። ስናበራው ማቀዝቀዣ ፋኑ... ያፌት ጆሮውን ያዘ። "ሲነሳ ነው፣ ቆይቶ ዝም ይላል" አልኩት። ቀነሰ። ዝም ግን አላለም።
ከግድግዳው ወዲያ የጋሼ ዘውዴ መኝታ ቤት ነው። የቸርቻችን ሰው ናቸው፤ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። አንኳኩቼ ጠየቅኋቸው።
"ጋሼ፣ ድምፁ አይረብሽዎትም?"
"ኧረ የምን ድምፅ! ሥራችሁን ሥሩ፣ ልጄ። ጌታ ይባርክላችሁ።"
ጭራሽ ተመረቅሁ። አለቀ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14
ሰርቨሩ ቀጥ ብሎ ይሠራል። ያፌት መከራከሩን ትቷል። ደስ ሲል።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 22
ለሙከራ የጋሼ ዘውዴን ዋይፋይ ልገጥም ሄድኩ። "እዚህ ኩሽና አድርጊልኝ" አሉ። ለምን ኩሽና? ዞር ስል ፍራሻቸው ወለሉ ላይ ተዘርግቷል፣ ከፍሪጁ ጎን።
"ጋሼ፣ ምነው እዚህ?"
"ወገቤ ነው... ወለል ይሻላል ብለውኝ።"
"ማን አለዎት?"
ሻይ ልቅዳልሽ አሉኝ።
መኝታ ቤቱ ገብቼ ግድግዳውን በእጄ ነካሁት። ይንቀጠቀጣል። እሳቸው በዚህ ዕድሜያቸው ወለል ላይ... እኔ ቤቴ እንቅልፌን እለጥጣለሁ።
ምን ዓይነት ደደብ ነኝ? ጋሼ ዘውዴ ፊት ለፊቴ ቆመው "አዎ፣ ረብሸሽኛል" ሊሉኝ ነበር? እናቴ "በልቻለሁ" ስትል አንድም ቀን አምኛት አላውቅም። እሳቸውን ግን አመንኩ። ስለተመቸኝ። አፈርኩ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 23
ለያፌት ነገርኩት። "ነግሬሽ ነበር" ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለም።
"እሳቸው ኦኬ ብለዋል አይደል?"
"'የምን ድምፅ' ነው ያሉት።"
"ሴም ቲንግ።"
አይደለም። እዚህ ፈረንጅ አገር ተወልዶ ላደገ ልጅ ይህን በምን ቋንቋ ላስረዳው?
ፍርሃቱ ግን ይገባኛል። ሰዉ ሁሉ የድሮ ኢንተርኔቱን ለኖቬምበር አንድ ካንስል አድርጓል። አሁን ሰርቨር ቀይረን ካልደረስን ሕንፃው ሙሉ ያለ ኢንተርኔት ያድራል፣ የኛም ስም አብሮ ያበቃል። ፋኑን ዝቅ አድርጌ ሞከርኩ። ማሽኑ ጋለ። ሌላ ክፍል ደግሞ የለም።
እንግዲያው ይነሳል። የያፌትን ሚኒ ፒሲዎች አዘዝኩ። ሁለት፣ አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲይዝ። እደርሳለሁ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 29
ደረስኩ! አንዱን ሚኒ ፒሲ ሆን ብዬ ነቀልኩት፤ ሌላው ያዘ። ለካ መጫወቻ አይደሉም። ያፌት በጣም እንዳይኮራ ይህን አልነገርኩትም። ትልቁን አጠፋሁት። ክፍሏ ጭር አለች።
ለጋሼ ምን ልበል? "ስለ እርስዎ ብዬ" ካልኩ ሌላ ጭንቀት ነው። "ተበላሽቶብን ቀየርነው" አልኳቸው። "ወይኔ፣ ያን የመሰለ ዕቃ" አሉ፣ ፈገግ እያሉ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 1
ከፈትን። ሁሉም ገባ። ይኸው ነው።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4
ጠዋት ስልክ። ጋሼ ዘውዴ። ሰላምታ እንኳ አላስጨረሱኝም።
"ስሚ፣ ሩሀማ፣ ይሄ ኢንተርኔታችሁ ምንድነው? ስብከቱ እየተቆራረጠ ተቸገርኩ እኮ።"
"ኩሽና ውስጥ ነው የሚቆራረጠው?"
"ኩሽና ምን እሠራለሁ? አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው እንጂ።"
ዓይኔ እንባ ሞላ። ወዲያው ሄጄ ዋይፋዩን መኝታ ቤት አዛወርኩት። "ሌላስ የሚያስቸግርዎት ነገር አለ?" ስላቸው ጀመሩ... ሊፍቱ፣ የላይኛው ጎረቤት፣ የቸርቹ ማይክ። እስኪጨርሱ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።