የማይዘጋው ክፍተት

መጋቢት 3

ሙቀቱ አያስቀምጥም። ሁለት ክፍለ ጊዜ አስተምሬ ወጣሁ። መብራት የለም፣ ስሌቴን የምሠራበት ኮምፒውተርም ጠፍቷል... ጄኔሬተሩ አለ፣ ቁልፉ ግን ዘገየ ኪስ ውስጥ ነው። የፊዚክስ ክፍል ኃላፊ ነኝ ብሎ ናፍጣውን እንደ ጠበል በጠብታ ነው የሚሰጠን። ደግሞ በተማሪዎች ፊት፣ "ጋምቤላ ተቀምጠሽ ግራፊን? ጀዊ የስደተኞች ካምፕ ሥራ ፈልጊ፣ ይሻልሻል።" ምን አገባው!

መጋቢት 8

አገኘሁት! ግራፊን አንድ አቶም ብቻ የሚወፍር የካርቦን ንጣፍ ነው፤ በባዶው ሲታሰብ የኃይል ክፍተት የለውም፣ የኤሌክትሮኖቹ ሁለት የኃይል መስመሮች ይነካካሉ። የኤሌክትሮኑን ስፒን (የራሱን ሽክርክሪት) ከዙረቱ ጋር አጣምሬ ሳሰላው ግን ተከፈተ። ያውም ሰፊ! መጋቢት 15 በሚደረገው ሴሚናር ይሄን ካቀረብኩ ለአንድ ሰው ብቻ የተፈቀደው የዶክትሬት ዕድል የኔ ነው። ተፎካካሪዬ ሉዋል እንኳ "እንኳን ደስ አለሽ" አለኝ።

ዘገየስ? ወረቀቱን ገረፍ አድርጎ አየና፣ "ካርቦን ቀላል አቶም ነው፣ ይሄን ያህል አይከፍትም። ጥምረቱን አጥፍተሽ አይተሻል?"

ቅናት። ሌላ ምን ይሆናል?

መጋቢት 9

አላየሁም እርግጥ። በምን ናፍጣ? ራሱ ከልክሎኝ ራሱ ይጠይቀኛል! "እርስዎ ሰው ሲያልፍለት ያምዎታል" አልኩት ፊት ለፊት። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። "ሂጂ፣ እዪው።"

መጋቢት 10

ጥምረቱን አጠፋሁት። ክፍተቱ መዘጋት ነበረበት... አልተዘጋም። የስፒን ሥራ አይደለም ማለት ነው። ወይኔ!

ቀኑን ሙሉ ስፈልግ ዋልኩ። ሁለቱ የኃይል መስመሮች የሚነካኩት አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ነው። እሷን አንድ ሦስተኛ ብዬ ማስገባት ሲገባኝ 0.33 ብዬ ቆርጬያታለሁ። ያን ቀን ዘገየ በር ላይ ቆሞ "ጄኔሬተሩን ላጠፋው ነው፣ ላጠፋው ነው" ሲል ተጣድፌ። ከመገናኛው አጠገብ ቆሜ "አይገናኙም" ስል ሰነበትኩ!

መጋቢት 12

አስተካክዬ ደገምኩት። ጥምረቱ ሲጠፋ ክፍተቱ ተዘጋ፤ ሲመለስ ተከፈተ። ግን እዚህ ግባ የማይባል ጠባብ... እንደ ፊቱ ባቀርበውስ? ከዘገየ በቀር ማን ያውቃል? ሉዋልም አይጠይቀኝም።

መጋቢት 15

ትክክለኛውን አቀረብኩ። ስህተቴንም በራሴ አፍ ተናገርኩ፤ ለዘገየ ያን ደስታ አልሰጠውም። ዕድሉ ለሉዋል ሆነ። ስወጣ ዘገየ በር ላይ ጠብቆኝ፣ "ለሚቀጥለው ዓመት የድጋፍ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ" አለ።

"አልፈልግም።"

ስለ ክፍተቱ ትክክል ነበር። ድሮ እሱን መጥላት እንዲህ አይከብደኝም ነበር።