ከባምባሲ ወዲያ፣ መታጠፊያው ላይ

ማክሰኞ

መኪናው ቆሟል። ቁልቁለቱ መሃል፣ ልክ መታጠፊያው ላይ። የፊት ጎማው ኩሽኔታ ነዶ አልዞር ብሏል። ጋሽ ይመር ወርደው አዩትና «ከዚህ ንቅንቅ አይልም» አሉ። ጋሽ ይመር የመሥሪያ ቤታችን ሹፌር ናቸው። ከወሎ በሰፈራ መጥተው አሶሳ የቀሩ።

ከመንገዱ ዳር ቦይ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ሌላ የምሠራው የለኝም። ባሌ ገመቹ ፒክአፑ ላይ ነው፣ ሳጥን ውስጥ። እሑድ ወባ ገደለው። ነጆ ወስደን ከአባቱ ጎን ልንቀብረው ነው። ይህን ስጽፍ ምንም አይሰማኝም። የማላውቀውን ሰው ጉዳይ ታይፕ እንደማደርግ ነው።

ክልሉ ገና ሲቋቋም ነው ወደ አሶሳ የመጣነው። እሱ ፕላን ክፍል፣ እኔ ታይፒስት። ወንበር እንኳ አልነበረም። የታይፕ መኪናዬን የመስኮት ደፍ ላይ አስቀምጬ ቆሜ እሠራ ነበር። ይስቅብኝ ነበር።

ጋሽ ይመር ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ወሸቁ። ፍሬቻውን አበሩ። በገጀራ ቅርንጫፍ ቆርጠው ከነቅጠሉ ጎትተው፣ ከመታጠፊያው ወዲያ፣ ከሩቅ እንዲታይ መንገዱ ላይ ጣሉ። ከታችም እንዲሁ። ወደ ባምባሲ በሚወጣ አውቶቡስ ለቢሮ መልእክት ላኩ። እኔ ከመኪናው ኋላ ቆሜ ነበር፤ ክንዴን ይዘው ቦዩን አሻገሩኝ።

«እዚህ አይቆምም ልጄ። ከላይ የሚመጣው አያይሽም።»

ቢያየኝስ፣ ባያየኝስ? አልኩ በልቤ። ተሻገርኩ።

የገመቹ እናት፣ እማማ ድንቄ፣ ግን አልወርድም አሉ። ፒክአፑ ላይ፣ ሳጥኑን ተደግፈው እንደተቀመጡ ናቸው። «ልጄን መንገድ ላይ ጥዬ የት ልሂድ?» ጋሽ ይመር ለመኑ። ተቆጡ። ደግሞ ለመኑ። «እናቴ፣ እሱን ከእንግዲህ ምንም አይነካውም። እኔ የፈራሁት ለእርስዎ ነው።» እማማ ፊታቸውን አዞሩ።

ማክሰኞ፣ ማምሻውን

እጄ ደህና ነው፣ መጻፍ እችላለሁ። የሆነውን በተራ ልጻፈው።

ቀርከሃ የተሸከሙ የበርታ ሰዎች በእግር መጡ። ከፊት ሐዋ የምትባል ሴት ነበረች፤ ቤቷ እዚያው አጠገብ ነው። ምን እንደሆንን ነገርኳት። «ያ አላህ» አለችና ቀጥታ ወደ እማማ ሄደች። አማርኛዋ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የሚለው።

«እናት፣ ውረድ። ይሄ ቦታ መጥፎ ነው። መኪና ቶሎ ይመጣል።»

«ልጄስ?»

«ልጅህም ይውረድ። መጀመሪያ ልጅህ፣ ከዛ አንተ።»

ማናችንም ይህን አላሰብንም ነበር። ሰዎቹ ሸክማቸውን ጣሉ። ሁለት ቀርከሃ ከሳጥኑ ሥር አስገብተው አነሡት፣ ቦዩን አሻግረው ማንጎ ሥር አሳረፉት። እማማ የሳጥኑን ጫፍ እንደያዙ አብረው ወረዱ።

ብዙም አልቆየ። ከላይ የጭነት መኪና ድምፅ መጣ። ጋሽ ይመር ሻርፓቸውን እያውለበለቡ ወደ ላይ ሮጡ፣ መንገዱ መሃል። መኪናው ቅርንጫፉ ጋ ፍሬን ሲይዝ ሰማነው። ጠጠሩ ግን አሸራተተው። ጋሽ ይመር ቦዩ ውስጥ ዘለሉ። መኪናው ፒክአፑን ከኋላ መታው፣ ወደ ገደሉ አፋፍ ገፍቶት ቆመ።

እማማ ተቀምጠውበት የነበረው ቦታ ተጨፍልቋል። ቦታ አይባልም።

የጭነት መኪናው ሹፌር ዘሎ ወረደ። «ሰው አለ? ላዩ ላይ ሰው አለ?»

«ማንም የለም» አሉ ጋሽ ይመር፣ በጭቃ እንደተለወሱ። «አልሃምዱሊላህ፣ ማንም የለም።»

ሁሉም ጮኸ፣ አለቀሰ። እኔ ቆሜ አየሁ። የሌላ ሰው መኪና ይመስል።

ረቡዕ

ሐዋ ቤት አደርን። ወንዶቹ ሳጥኑን እየተፈራረቁ ጠበቁልን። ጠዋት ገንፎ ሰጠችኝና «ብላ» አለችኝ። በላሁ። ጨው ይኑረው አይኑረው አላውቅም።

የቢሮው ሌላ መኪና ረፋድ ላይ ደረሰ። ጋሽ ይመር መታጠፊያው ላይ አላስቆሙትም። ወደ ታች፣ ሜዳው ላይ፣ ከመንገድ አስወጥተው አቆሙት። ሳጥኑን እስከዚያ በእግር ተሸከሙት። የጭነት መኪናው ሹፌርም አንዱን ጫፍ ይዟል። ዓይኑ ደም መስሏል።

«ቅጠሉን ባላይ ኖሮ ፍሬን አልይዝም ነበር» አለኝ።

«እሺ» አልኩት።

ሐዋ እማማን አቅፋ ሸኘች። በሁለት የተለያየ ቋንቋ አብረው አለቀሱ።

ነጆ ገባን።

ሐሙስ

ቀበርነው።

ሰው ብዙ ነበር። መዘምራኑ ዘመሩ። የቢሮ ጓደኞቹን አበባ ማን እንዳመጣው አላየሁም። ከዚህ በላይ አልጽፍም፣ የለኝም።

እማማ ለሚመጣው ለቀስተኛ ሁሉ በኦሮምኛ የሚነግሩት ስለ መንገዱ ነው። ስለ ወባው አያነሡም። «የማያውቁን ሰዎች ልጄን አወረዱልኝ። እኔም ተከትዬው ወረድኩ» ይላሉ። ሌላ ሰው ሲገባ ደግሞ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ።

ዓርብ

ጋሽ ይመር ዛሬ ወደ አሶሳ ተመለሱ። መጥተው ተሰናበቱኝ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ ገባሁ። ከዚያ የመኪናው ሞተር ሲነሣ ሰማሁ።

በባዶ እግሬ ሮጥኩ። ለቀስተኞቹ ሴቶች ራሷን ልትጎዳ ነው ብለው ያዙኝ፣ አስለቀቅኳቸው። የመኪናውን በር መታሁ።

«ጋሽ ይመር፣ ቀስ ብለው ይንዱ። መኪናው ቢበላሽ ሌላውን ሰው ብቻ አያሽሹ። እርስዎም ከመንገዱ ይውጡ! መሃል አይሩጡ!»

ሞተሩን አጠፉ። «እሺ ልጄ። ኢንሻላህ» አሉ።

አሁን መንዲን አልፈው ይሆናል። ያቺን መታጠፊያ ግን ገና አልደረሱም። ስልክ ቤቱ መሥመር የለም ብሎኛል። ሰኞ ሞክሪ አለኝ። እስከ ሰኞ ምን ልሁን? ጽሑፌ ተበላሸ፣ ፊደሉ ከመሥመር ወጥቷል። በጎዳናው የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ብዕሬን ጥዬ ወደ በሩ እሮጣለሁ።

እማማ ከፍራሹ ላይ ሆነው «ምን ሆንሽ?» አሉኝ።

«ፈራሁ» አልኳቸው።

ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ይህን ጨርሼ ልሄድ ነው፣ እሳቸው ጎን።