ግራ ገባች

ጂንካ፣ ጥቅምት 2012 ዓ.ም.

ለቀድሞ ወዳጄ፣

ጤናህ እንዴት ነው? የካንጋተን ሙቀት ጋብ አለ ወይስ አሁንም ፍራሽህን ደጅ አውጥተህ ነው የምትተኛው? ወባዋስ ተወችህ? አጎበሩን መስኮት ላይ እንደ መጋረጃ ሰቅሎታል ሲሉ ሰምቼ በጣም ነው የተናደድኩት። አውርደህ እንደ ሰው ተኛበት። እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። አባባም ደህና ነው፤ ጉልበቱ ብቻ ዝናብ ሲመጣ ያስቸግረዋል። ጂንካም እንደምታውቃት ናት። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከተራራው ወርዶ የድሮውን አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ይሸፍነዋል፣ ረፋድ ላይ ደግሞ ሳይሰናበት ይሄዳል። እንዳንተ ማለቴ ነው፤ ይሁን፣ እመጣበታለሁ።

ለምን አልደወልሽም እንዳትለኝ። አንደኛ አታነሳም። ሁለተኛ እኔና አንተን እዚህ ያደረሰን ራሱ ስልኩ ነው። ወረቀት ቢያንስ መሀል ላይ አይቋረጥም። ስለዚህ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው። የምጽፍልህ ስለ ውድድሩ ብቻ ነው፤ ሌላ ነገር የለበትም።

አንተ ፈረስ ስለማታውቅ ከመጀመሪያው ልንገርህ። የከብት ሐኪሙ ዶክተር እውነቱ ሦስት ባዶ የናፍጣ በርሜል ሜዳው ላይ አቆመ፤ ሁለቱን ፊት ለፊት ግራና ቀኝ፣ ሦስተኛውን ከኋላቸው መሀል ላይ። ፈረሰኛው ከመስመሩ ተነስቶ ሦስቱንም ዞሮ ይመለሳል፤ ቶሎ የተመለሰ አሸነፈ። ከግራው ወይም ከቀኙ በርሜል መጀመር ግን የራስህ ምርጫ ነው። እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው። በግራ ከገባህ አንዱን በርሜል ወደ ግራ ትዞርና የቀሩትን ሁለቱን ወደ ቀኝ ትዞራለህ። በቀኝ ከገባህ ደግሞ አንዱን ወደ ቀኝ፣ ሁለቱን ወደ ግራ። እንግዲህ ቀኝ መዞር የሚቀናት ፈረስ በየት ትግባ? በግራ! ዶክተር እውነቱ ይህን ሲያስረዳን ግማሹ ሰው ሳቀበት፤ አባባ ግን ገና ሳይጨርስ ገብቶት ራሱን ነቀነቀ።

የእኔ ዳማ ቀኝ ወዳድ ናት። ከውርንጭላነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት፤ ከበሩ ስትወጣ ሳሩ በግራ ቢሆን እንኳ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ትዞራለች። ወደ ቀኝ ስትታጠፍ እኔ ልጓሙን መያዜንም እረሳዋለሁ። ወደ ግራ ሲሆን ግን ትከሻዋ ይከብዳታል፣ ወደ ውጭ ትንሸራተታለች። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ የተለማመድነው በግራ እየገባን ነው። በዚያ ጉም ውስጥ በርሜሎቹ አይታዩም ነበር፤ ልንደርስባቸው ስንል ብቅ ይላሉ፣ ስናልፋቸው ይጠፋሉ። ሳሩ ርጥብ ስለሆነ ኮቴዋም አይሰማም። አንዳንዴ እየሄድን ይሁን ቆመን ጉሙ በአጠገባችን እያለፈ ይሁን አላውቀውም ነበር። የዳማ ጀርባ ይሞቃል፣ ፊቴ ይቀዘቅዛል፣ ዓለም የለችም። ከዚያ ከሜዳው ዳር ያንተ ሳል ይሰማል።

መኪና እየጠበቅኩ ነው ትል ነበር። ኧረ ወዲያ! የትኛው መኪና ነው ሳር መሀል የሚጠበቀው? ጃኬትህን ራስህ ላይ ጥለህ ስትቀመጥ ሩቅ ላለ ሰው አራተኛ በርሜል ነበር የምትመስለው። እኔም ያን ሰሞን ሕልሜ ሁሉ በርሜል ሆነ። በሕልሜ ሜዳው ዳር የለውም፤ ዳማ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ አንዱን ስንጨርስ ሌላ ይመጣል፣ አይደክመንም። ስነቃ ደስ ብሎኝ ነው የምነቃው። ይህን እስካሁን ለማንም አልነገርኩም።

መቼም ያልከኝን አልረሳኸውም። ጠይቀኸኝ ዝም አልኩህ፣ ደግመህ ጠየቅከኝ፣ ደግሜ ዝም አልኩህ። በመጨረሻ፣ በቃ አትናገሪ፣ የቅዳሜው ውድድር ላይ በቀኝ ከገባሽ ለአባትሽ ሽማግሌ እልካለሁ፣ በግራ ከገባሽ ሁለተኛ አላስቸግርሽም አልከኝ። ለምን ቀኝ እሺታ ሆነ ብልህ፣ እናቴ ጠዋት ስትነሳ ቀኝ አውለኝ ስለምትል ነው አልክ። አይ አንተ! ከሁለት አቅጣጫ መርጠህ መርጠህ ያቺኑ! ያን ጊዜ ስለ ዳማ ልነግርህ ይገባኝ ነበር፤ ግን ብነግርህ ኖሮ ያኔውኑ እሺ ማለቴ አይደል? አፈርኩና ሳቅኩ።

አባባ ደግሞ በዚያው ሳምንት የራሱን ቃል አመጣ። ከተማው ሳር እያጣ ነው፣ ፈረስ በግቢ አስሮ ማቆየት ግፍ ነው አለ። ዳማ ካሸነፈች ለስሟ ስንል እዚህ ትቆያለች፤ ካልሆነ ግን አጎቴ ጋ ወደ ተራራው ትውጣ፣ እህል ትጫን። ክፋት የለበትም፤ እውነቱን ነው። እኔ ግን ዳማን ጭነት ተጭና ማሰቡ ራሱ ያመኝ ነበር።

ቅዳሜ ተራዬ ሲደርስ የመሥሪያ ቤታችሁ መኪና ለስብሰባ ይዞህ መሄዱን አላወቅኩም። ማን ይነግረኛል? ሜዳው ዳር ሰው እንደ አልዱባ ገበያ ሞልቶ ነበር። ጃኬት ራሱ ላይ የጣለ ሰው አየሁና አንተ ነህ ብዬ ልቤ ዘለለች። መስመሩ ላይ ስንቆም ጩኸቱ ሁሉ ከእኔ ራቀ። ዳማ ክረምቱን ሙሉ የለመደችው መንገድ ላይ ዓይኗን ተክላለች፤ ጆሮዋ ወደ እኔ ዞሯል፣ እስክነግራት ትጠብቃለች። አንገቷን ዳሰስኩና ይቅር በይኝ አልኳት። ከዚያ ለቀቅኳት።

የመጀመሪያውን በርሜል ስንዞረው ውሃ ላይ የምንንሳፈፍ ነበር የሚመስለው። በሁለተኛው ላይ ትከሻዋ ከበዳት፣ ወደ ውጭ ተንሸራተተች። በሦስተኛውም እንደዚያው፤ በርሜሉን በጉልበቴ ገጭቼው ከመውደቅ ለጥቂት ነው የተረፈው። ስንመለስ ደረቷ ነጭ አረፋ ነበር። ታምራት በበቅሎ መሳይ ፈረሱ በትንሽ ቀደመኝ። ዳማም በሳምንቱ ወደ አጎቴ ወጣች። በበሩ ስትወጣ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ዞረች፤ አጎቴ ጎትቶ ወደ መንገዱ መለሳት። ምን ልደብቅህ፣ ሰው ፊት ነው ያለቀስኩት።

እንግዲህ ስልኩ ጋ ደረስን። ከዳማ ስወርድ ሰው ሁሉ ከበበኝ። ምን ነካሽ፣ ክረምቱን ሙሉ የለፋሽበትን ትተሽ ይሄ ምን የሚሉት አገባብ ነው አሉኝ። አባባ ዓይን ዓይኔን ብቻ ያየኛል። ምን ልበላቸው? ያለኝ ቃል ያ ብቻ ነበርና ግራ ገባኝ አልኳቸው። ጓደኛህ አበጀ ከጎኔ ቆሟል። ስልኩ ጮኸ። አንተ ነበርክ። እንዴት ገባች ብለህ መሆን አለበት የጠየቅከው፤ እሱ በዚያ ጩኸት መሀል ምን አለች ያልከው መሰለውና ግራ ገባኝ አለች ብሎ መለሰልህ። ኔትወርኩ ግን መሀል ላይ ተቋረጠና አንተ ጋ የደረሰው «ግራ ገባ...» የሚለው ብቻ ነው። ወይ ጉድ! ግራ ገባኝ ያልኩት ልጅ ግራ ገባች ተብዬ ቀረሁ።

አበጀ ስለ እኔና አንተ ስምምነት የሚያውቀው ነገር ስላልነበረ ይህን ለእኔ የነገረኝ ባለፈው ሳምንት ነው፤ ያውም እየሳቀ። እኔ እስከዚያ ድረስ የላክልኝን መልእክት እያነበብኩ ተቀምጫለሁ፤ «ገብቶኛል። አላስቸግርሽም» የሚለውን። እውነቱን ልንገርህ፣ በጣም ነበር የጠላሁህ። ሁሉን አይተህ፣ ዳማ እጄ ላይ ስትከብድ አይተህ፣ ገብቶኛል ብለህ ወደ ካንጋተን የወረድክ መስሎኝ ነበር። ምኑ ነው የገባህ? ምንም አልገባህም! አሁን ደግሞ ወደ አገርህ ዝውውር ጠይቀሃል አሉኝ። ማመልከቻውን ገና አልፈረሙልህም ሲባል ሰምቼ ነው ይህን ለመጻፍ የተቀመጥኩት።

ይህን ደብዳቤ አበጀ ራሱ ነው ካንጋተን ድረስ የሚያመጣልህ፤ ውስጡ ምን እንዳለ አያውቅም፣ አትቆጣው፣ ምሳ ጋብዘው። እሱ ሲሄድ ደግሞ ስለ በርሜሎቹ የጻፍኩልህን ተመልሰህ አንብብና ዳማ የከበዳት ስንት ቦታ ላይ እንደሆነ ራስህ አስላው። የተማርክ ሰው ነህ፤ ሁሉን እኔ ልናገር እንዴ?

አባባ እሁድ ከቸርች በኋላ ቤት ነው የሚውለው። ያን ቅዳሜ ማታ እራት ስንበላ፣ ልጄ፣ ለማን ብለሽ ነው አለኝ፤ አንገቴን ደፋሁ፣ እሱም ከዚያ ወዲህ አልጠየቀኝም። የሳሎኑን አግዳሚ ግን አስጠግኖታል፤ አሁን ሦስት ሽማግሌ በደንብ ያስቀምጣል።

ጌታ ከወባውም ከሙቀቱም ይጠብቅህ፤ መንገድህን ያቅናልህ። ለእናትህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

እጮኛህ