የሰርጉ ፎቶ ሁለት ዳሮች

አባዬ፣

ከተለየኸን ሰባት ወር ሆነ። ቀኑን የምትቆጥረው እማዬ ናት፤ እኔ በቁጥር ሰነፍ መሆኔን ታውቃለህ። የቦንጋ ዝናብ እንደተውከው ነው። ፎቶ ቤቱን አልዘጋነውም። ካሜራህን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ፊልሙንም እንደ ድሮው በአውቶቡስ ጅማ ልኬ አሳጥባለሁ።

ባለፈው ሳምንት መሳቢያህን ሳጸዳ ያንን ወፍራም መስታወት አገኘሁት፤ ብዙ ሰው እንዲገባልህ ሌንሱ አፍ ላይ እየጠመዘዝክ የምትገጥመውን። ሺሺንዳ ከተማ አንድ ሰርግ ላይ ወደ ኋላ ስትሸሽ፣ ስትሸሽ፣ ከነካሜራህ የውሃ ቦይ ውስጥ የገባህ ጊዜ ነው የገዛኸው። እማዬ ያን ቀን የጀመረችውን ሳቅ እስካሁን አልጨረሰችም።

ገጥሜ አየሁበት። ጉድ ነው! ካለሁበት ንቅንቅ ሳልል የፎቶ ቤቱ ሁለቱም በሮች ምስሉ ውስጥ ገቡልኝ። ስፈታው አንዱ በር ይጠፋል፤ ስገጥመው ተመልሶ ይመጣል። እንዲህ ስፈታና ስገጥም ደንበኛ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ከዚያ እማዬን አስቀምጬ ካሜራውን ቀስ ብዬ አዞርኩ። መሃል ላይ ሳለች ራሷ እማዬ ናት። ዳር ስትደርስ ግን ጉንጯ ወደ ጎን ተለጠጠ፤ ደብዘዝም አለች።

የእህቴ የአልማዝ ሰርግ ትዝ አለኝ። ሳሎናችን በአማቾች ዘመድ ሞልቶ፣ እኔን "አንቺ ወደዚያ ጠጋ በይ" ብለህ ዳር ያቆምከኝ። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ፊቴ ዱባ አክሏል። መልኬ ስለሚያሳፍርህ ነው ዳር ያደረግከኝ ብዬ ደመደምኩ። ጠይቄህ አላውቅም፤ ቂሙን ግን እስክትሞት ድረስ ይዤው ነበር።

የፎቶ ካርቶንህን አውርጄ የሌላ ሰው ሰርጎችን አገላበጥኩ። ዳሩ ላይ አንድም ሰው የለም፤ ግድግዳ፣ በር፣ መጋረጃ ብቻ። የእኛ ሳሎን ግን ለግድግዳ የሚተርፍ ቦታ አልነበረውም። የግድ አንድ ሰው ዳር መቆም ነበረበት፤ የእንግዳ ፊት ደግሞ አይበላሽም ብለህ ነው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ አንተ ያሳነስከው ለራስህ ሰው ነው።

የአልማዝንም ፎቶ ከግድግዳው አወረድኩት። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት የማየው የራሴን ጉንጭ ብቻ ነው። በሌላኛው ዳር የቆመችው እማዬ ናት፤ እንደ እኔው ዱባ አክላ፣ እየሳቀች። አለቀስኩ፣ አባዬ። ይቅር በለኝ።

ትናንት አልማዝ ከነልጆቿ ከዋጫ መጣች፤ ሳሎን ውስጥ ተሰብስበን ተነሳን። ወፍራሙን መስታወት ገጥሜ እማዬን መሃል አስቀመጥኳት። ካሜራው ራሱ እንዲያነሳ ቁልፉን ስቤ ሮጥኩና፣ ማንም ሳያዘኝ ዳር ቆምኩ። ፊልሙን ዛሬ ጠዋት ጅማ ልኬዋለሁ። ዱባ ፊቴን ይዞ ሲመጣ አንተ ካነሳኸው የሰርግ ፎቶ አጠገብ እሰቅለዋለሁ፤ ባየሁት ቁጥር አስብሃለሁ፣ አሁን ግን ያለ ቂም።

ዳር ያቆምካት ልጅህ፣
ጥሩነሽ