ባለ ሽቦዋ መነጽር

ውድ ልጄ ባንተአምላክ፣

ጤናህን የምጠይቅህ ደብዳቤው መጨረሻ ላይ ነው። አሁን ከጠየቅሁህ ሆዴ ይባባና ልጽፍልህ የተነሣሁትን ሳልጽፍ እቀራለሁ። ተቆጥቻለሁ፤ ቁጣዬንም እስከ መጨረሻው ታነባታለህ።

ሽርካህ ደረጄ በገበያው ዋዜማ ከባሕር ዳር መጣ። ከቦርሳው ሁለት የቪዲዮ መነጽሮች አውጥቶ ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ዓይን ላይ ታስረው ፊልም የሚያሳዩ፣ ጌም የሚያጫውቱ ናቸው። "አባባ፣ ባንተአምላክ 'ይሞክሯቸውና የተሻለውን ይምረጡልኝ' ብሏል" አለኝና መልእክትህን ከስልኩ ከፈተልኝ። እኔ የማንበቢያ መነጽሬን በኪሴ እየፈለግሁ ስለነበር የሰማሁት ድምፅህን ብቻ ነው። "አባባ፣ እስከ ዛሬ የደከሙት ይበቃል። አግዳሚዎቹ ይውጡ። አዳራሹ በኮምፔንሳቶ ይከፋፈልና እያንዳንዱ ሰው በየክፍሉ መነጽሩን አድርጎ ይይ። ትርጉሙን መነጽሩ ራሱ ከሥር ይጽፋል። አንቱ ከእንግዲህ መናገር የለብዎትም፣ ይረፉ።"

ይረፉ! "በቃህ፣ ዕረፍ" የተባለ በሬ ቀጥሎ ወዴት እንደሚነዳ አንተም ታውቃለህ።

የጠየቅኸኝ ነጯን ወይስ ጥቁሯን ነው። ይሁን ወይስ አይሁን ብለህ አልጠየቅኸኝም። ቤቱ በስሜ ስለሆነ ያለ ፈቃዴ አንድ ሚስማር እንደማይነቀል ታውቃለህ፤ ስለዚህ ሽማግሌውን በምርጫ ልታታልለው አሰብህ። ልጅ ሳለህ መራራ መድኃኒት ስትጠጣ "በየትኛው ኩባያ ትፈልጋለህ?" እያልሁ የማታልልህ እኔ ነበርሁ። የገዛ ብልሃቴን በእኔ ላይ አታምጣብኝ።

ያደግኸው በዚህ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ነው። ፊልሙ በባዕድ ቋንቋ ይናገራል፤ እኔ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ከስክሪኑ አጠገብ እቆምና በአማርኛ እናገራለሁ። ማንም አላስተማረኝም። እንግሊዝኛውን ከመዝገበ ቃላትና ከራዲዮ ለቃቀምሁት፤ ህንድኛውን ደግሞ ከተዋንያኑ ፊት። ሰው የሚመጣው ለፊልሙ ብቻ አይደለም። አብሮ ሊስቅ፣ አብሮ ሊያለቅስ፣ አልፎ አልፎም "ጋሼ ካሳሁን፣ ይህን እንኳ ጨመሩበት!" ብሎ ሊተርበኝ ነው።

ገምግም ስላልኸኝ ግን ገምግሜያለሁ፤ በደንብ።

ነጯ ቀላል ናት። ሥዕሏ ጥርት ያለ ነው፤ አልክድም። ኮምፒውተሩም ባትሪውም በውስጧ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ እሷ አልጠፋችም፤ ይህን በመልካም ጎኗ ያዝሁላት። ነገር ግን የማንበቢያ መነጽሬን አድርጌ ባጠልቃት አልገባ አለችኝ፤ አውልቄ ባጠልቃት ደግሞ ሁሉም ነገር ጉም ነው። በዚያ ላይ የጉና ተራራ ነፋስ በበሩ ሲገባ በትንፋሼ መስተዋቷ ላብ አወጣ። ደረጄ በሻርፑ እየወለወለ "አባባ፣ ቀስ ብለው ይተንፍሱ" ይለኛል። ፊልም ለማየት ብዬ ትንፋሼን ላስፈቅድ?

ጥቁሯ ከባድ ናት። ግንባር ላይ እንደ ወፍጮ መጅ ትጫናለች። ከፊት ለፊቷ ለግራና ለቀኝ ዓይን እንደ ራዲዮ የሚዞሩ ሁለት ማዞሪያዎች አሏት። ለብቻዋ አትሠራም፤ ከማጫወቻው ጋር የሚያገናኛት ረጅም ሽቦ አላት። ደረጄ ራሱ አፈረባት። "ያረጀች ሞዴል ናት አባባ፣ ለማነጻጸሪያ ያህል ነው ያመጣኋት፤ አሁን ሽቦ ማን ይጎትታል?" አለኝ።

በማግስቱ የገበያ ዕለት ስለነበር ቤቱ ሞላ። ባጃጅ የሚነዳው አለሙ ጥቁሯን አጥልቆ ደረጄ አብሮ ካመጣው የጌም ማሽን ጋር ተገናኘ፤ ጨዋታው የሰይፍ ውጊያ ነው። በየገበያው እህሉን ሸጦ እኛ ዘንድ የሚያርፈው ገበሬ ሲሳይ ነጯን ያዘ። ሲሳይ አገላብጦ አያትና "ይህማ የጋሪ ፈረስ ዓይን የሚከልሉበት ነው። ፈረሱስ ቢያንስ መንገዱን ያያል" አለ። ሆኖም አጠለቃት፤ ፊልሙም ተጀመረለት።

ሲሳይን ታውቀዋለህ። ጀግናውን ሳይመክር ፊልም አይቶ አያውቅም። ጥቂት እንደ ቆየ "ከኋላህ! ኧረ ከኋላህ መጣብህ!" ብሎ ጮኸ። የራሱን ፊልም እያየ ነው። አለሙ በጨዋታው ውስጥ ሆኖ ምክሩ ለእሱ መሰለው። "የታል?" ብሎ ዞሮ ክንዱን ሲሰነዝር የደረጄን አገጭ አገኘው። ሽቦው ተስቦ ማሽኑ ከጠረጴዛው ሲወርድ ደረጄ አገጩን ትቶ ማሽኑን ቀለበ። ሲሳይ በዚያው መነጽሩ ውስጥ "እሰይ! ደግ አደረግኸው! ድገመው!" ይላል።

አግዳሚው ሁሉ በሳቅ ወደቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሁለቱ ሰዎች ምን እንደሚያስቅ ሳያውቁ ዓይናቸው ተሸፍኖ መሐል ቤት ቆመዋል። "ምንድን ነው? ምን ሆነ?" ይላል ሲሳይ አንገቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። በዚህ ቤት ሰው አብሮ ሲስቅ አይቻለሁ፤ በጎረቤቱ ሲስቅ ያየሁት ያን ዕለት ነው። አንተ ደግሞ በመካከላቸው ኮምፔንሳቶ ልታቆም ነው። ለብቻው የሮጠ የሚቀድመው የለም ይባላል፤ ያሸነፈውንስ ማን ያይለታል? "ዕቃህን ሰብስብ" አልሁት ደረጄን።

ያን ጊዜ ነው አክስትህ ማሬ ከፊተኛው አግዳሚ "እስቲ እኔም ልገምግም" ያለችው።

ዓይኗ ከደከመ ወዲህ እንዴት እንዳለች አንተ አታውቅም። ሰው ከደጅ ሲገባ ጥላውን ታያለች እንጂ ፊቱን አትለይም። ሐኪሞቹም ከዚህ የተሻለ የሚደረግ የለም ብለዋታል። ቢሆንም ከአግዳሚዋ ቀርታ አታውቅም፤ ፊልሙን የምታየው በእኔ አፍ ነው። እናትህ ካረፈች ወዲህ ያሳደገችህን አክስትህን ከአግዳሚዋ ስታስነሣት ምን ልታደርግላት አስበህ ነበር? እሷም በየክፍሉ ትግባ?

"ላንቺ ምን ሊፈይድልሽ ነው?" አልኋት።

"ያላዩት አገር አይናፍቅም ብለህ ነው? አምጣ አንተ ሰውዬ! ታላቅህ ነኝ።"

ደረጄ ነጯን አጠለቀላት። "ምንም የለም፤ ብርሃን ብቻ" አለች። ጥቁሯን አደረገላት። "ይህችም ያው ናት" ብላ ልታወልቅ ስትል ጣቷ ማዞሪያውን አገኘው። እንደ ራዲዮ ወዲያ አዞረች፣ ወዲህ መለሰች፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ። ከዚያ እጇ ቆመ።

"ሰው አለ" አለች።

ደረጄ በሽቦው አድርጎ ትልቁ ስክሪን ላይ የሚታየውን ያንኑ ፊልም ነበር የሰጣት። ደጋግማ የምታስከፍተው ፊልም ነው፤ አንተም ታስታውሰዋለህ፤ ልጇ በባቡር የሚሄድባት እናት ያለችበት። ሁሉን አታይም፤ ዳር ዳሩ ይጨልምባታል። ግን ሥዕሉ ከዓይኗ ሥር ሰፍቶ ስለ ቀረበላት ፊት ለየች። እኔም እንደ ልማዴ ከስክሪኑ አጠገብ ቆሜ መናገር ጀመርሁ። ባቡሩ የሚነሣበት ቦታ ስንደርስ በእናቲቱ አፍ ተናገርሁ፦ "ሂድ ልጄ፣ እመቤቴ ትከተልህ። ወንዝ ሲሞላ አትሻገር። ሰው ሲበላ አንገትህን አታስግግ። የምታገባትን ሳታሳየኝ..."

"ዝም በል" አለች ማሬ።

በዚህ ቤት ዝም በል የሚለኝ ተፈጥሮ አያውቅም።

"አንተ ካሳሁን፣ ሴትዮዋ እኮ አፏን አልከፈተችም!"

አለሙ በሳቅ ሊፈነዳ ደረሰ። "እማማ ማሬ፣ እኛማ ድሮም እናውቃለን! አፏ ተዘግቶ ምርቃቱ ይወርዳል። ጋሼ ካሳሁን ካልመረቁ ባቡሩ አይነሣም።"

"ይህን ሁሉ ዘመን ስታስለፈልፋት ኖርህ" አለች ማሬ። "ዝም ብላ እኮ ነው የምታየው። ሁሉ ነገር ፊቷ ላይ ነው።"

"ምርቃቱ ክፉ ነበር?" አልሁ። ደሜ ፈልቶ ነበር።

"ክፉ አልነበረም። አሁንም ድገምልኝ። ግን መጀመሪያ እሷ ዝም ትበል፣ ባቡሩ ይሂድ፤ ከዚያ አንተ ትናገራለህ።"

እንደዚያው አደረግሁ፤ እሷን እምቢ ማለት ስለማይቻል ነው። ባቡሩ ከዓይን እስኪጠፋ ቆሜ ዝም አልሁ። እሷ በመነጽሯ፣ አግዳሚው በስክሪኑ፣ ሁሉም ያችኑ ሴት በአንድ ጊዜ አየ። ሲሳይ እንኳ አልመከረም። ከዚያ ምርቃቱን ተናገርሁ። ከሌላው ጊዜ አጠር አለ።

ፊልሙ ሲያልቅ አልፈታም አለች። "አንተ ልጅ" አለችው ደረጄን፣ "በዚህች የባንተአምላክን ፊት ማየት ይቻላል?"

"የላከው መልእክት ቪዲዮ ነው እማማ። ስልኩን ባገናኘው ይታያል።"

አገናኘው። ያ ያስቆጣኝ ንግግርህ እንደገና ተሰማ፤ አግዳሚዎቹ ይውጡ፣ አዳራሹ ይከፋፈል፣ ይረፉ። ቁጣዬ እንደገና ተነሣ። ልናገር አፌን ስከፍት ማሬ እጇን አነሣችብኝ። "ድገመው" አለች ደረጄን። ደገመው። ሁለቱን ማዞሪያዎች ቀስ እያለች አስተካከለች።

"ከስቷል" አለች። "አንገቱ ቀጥኗል። ዓይኑ ከአንደበቱ ጋር አይሄድም። ካሳሁን፣ ይህ ልጅ የሚናገረው ስለ አግዳሚ አይደለም። አንድ ነገር ሆኗል።"

ደረጄን አየሁት። ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። "ምን ሆኖ ነው?" አልሁት። "እሱ ቢነግርዎ ይሻላል አባባ" አለኝ። ሳስጨንቀውም አልተናገረም፤ ለሽርካው ታማኝ ነው፤ በዚህ ወደድሁት። ብወደውም ግን አሁንም ተቆጥቻለሁ።

እንግዲህ ውሳኔዬን ስማ። ነጯን ደረጄ ይዟት ሄዷል። አግዳሚዎቹ አይነሡም። ኮምፔንሳቶ የሚያቆም ሰው መጀመሪያ እኔን ይነቅላል። ጌሙን አልከለከልሁም፤ በትልቁ ስክሪን ይጫወቱ፣ የሚያሸንፈውንም የሚሸነፈውንም አግዳሚው ይይ። ያቺ ያረጀች፣ ያፈራችሁባት፣ ግንባር የምትጫን ባለ ሽቦ ግን ከዚህ ቤት አትወጣም። አክስትህን ከአግዳሚው ጋር ያገናኘቻት ሽቦዋ ናት። ከሁለቱ የምትሻለው እሷ ናት፤ ምረጥ ስላልኸኝ መርጫለሁ። በዚህ ሐሳቤን ለማስለወጥ ቃል አታባክን።

ጤናህን እጠይቅሃለሁ ብዬ ነበር። እንደምን አለህ? "ደህና ነኝ፣ አታስቡ" ብለህ በስልክ እንዳትልክልኝ፤ የምንመለከተው ፊትህን ነው፣ ዳኛችንም ማሬ ናት። ታምመህ ከሆነ፣ ንግዱ ወድቆብህ ከሆነ፣ ወይም እኔ ሰምቼው የማላውቀው ሌላ ነገር ካለ፣ የኮምፔንሳቶ ግድግዳህን ሳትጎትት ራስህን ይዘህ ና። የጠዋቱን ሚኒባስ ያዝ። ስትመጣ የምመክርህ ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ እዚህም ልጽፈው ብዕሬን አንሥቼ ነበር። አክስትህ አጠገቤ ተቀምጣ "ተወው፣ መጀመሪያ ይምጣ" አለችኝ።

ትቼዋለሁ። ፊተኛው አግዳሚ ላይ፣ በእሷና በእኔ መካከል፣ ቦታህ ባዶ ነው። መጥተህ ዝም ብለህ ተቀመጥ። አንተ እስክትናገር ድረስ እኔም ዝም እላለሁ።

አባትህ ካሳሁን
ደብረ ታቦር