የመስፌ ቫን፣ የእማማ ጉልበት

የኔው መስፌ፣

ከተለያየን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሞላን። ሙት ዓመትህን አውጥተን፣ ጥቁሬን አውልቄ፣ ይኸው ወሬ ልነግርህ ተቀመጥኩ። ታውቀኛለህ፣ ወሬ ይዤ አላድርም። የዛሬውን ግን ትንሽ አሳደርኩት፤ ቫንህን ሸጥኳት።

ቆይ፣ አትቆጣ። ከመጀመሪያው ልንገርህ።

አንተ ከሄድክ ወዲህ የቤንዚን ሰልፍ ስንቱን ጠዋቴን በላው መሰለህ! ልጅህ ሩት የቤት ሥራዋን የምትሠራው እዚያው ሰልፍ ላይ ነው፤ ወንድሟ ናሆም የኋላው ወንበር ላይ ተዘርግቶ ይተኛል። የኤሌክትሪክ መኪኖቹ ደግሞ ድምፅ ሳያሰሙ በጎናችን ሽው ይላሉ። እዚሁ ሩዋንዳ ሰፈር አካባቢማ መንገዱ የነሱ ሆኗል። እኔም አንዷ ላይ ዓይኔን ጣልኩ።

መካሪ ሞላ። ወሎ ሰፈር ያለው መካኒክህ፣ «እትዬ፣ ቫኗ ቢያንስ ስትታመም ትጮሃለች፤ እነዚህ ሳይናገሩ ነው የሚሞቱት» አለኝ። እህትህ ደግሞ፣ «መብራት በጠፋ ቀን በእግርሽ ልትሄጂ ነው?» አለች። ቤንዚን በጠፋ ቀንስ በምን እየሄድኩ ነው?

ለሁሉም መልስ ነበረኝ። የፈራሁት እናትህን ነው። እሁድ እሁድ ጎረቤቱን ሁሉ ጭነህ፣ እማማን ከፊት አስቀምጠህ ቤተክርስቲያን ስትወስዳቸው ትዝ እያለኝ፣ ነገሩን አፌ ላይ አድርሼ እውጠዋለሁ። የልጃቸውን ማስታወሻ እንዴት ልሽጥባቸው? እሳቸው ደግሞ ስንት እሁድ «ዛሬ ራሴን አሞኛል፣ እናንተ ሳሙልኝ» እያሉ ቀሩ። ሐዘኑ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ከወር በፊት አንድ ቅዳሜ፣ ሻጩ ለቤተሰቤ እንዳሳያት ፈቅዶልኝ አዲሷን ይዤ ለሚ ኩራ እቤት ገባሁ። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። በሩን ስከፍትላቸው፣ መስፌ፣ ሳሎን እንደሚቀመጡ ጎንበስ ብለው ቁጭ አሉ። ማንንም ሳይዙ። ዓይናቸውን ጨፍነው መጸለይ ጀመሩ። እኛ አስፋልት ወጥተን ብዙ ከሄድን በኋላ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «አስነሻት እንጂ ልጄ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ።

«እንግዲያማ ቤተክርስቲያን አድርሺኝ» አሉ። በሩ ላይ ስንደርስ እጄን ያዙ።

«ልጄ፣ እንዳታዝኚብኝ። የመስፍንን መኪና ከፍታ ጉልበቴ አልቻለውም። እሱ ነበር ብብቴን ይዞ ብድግ የሚያደርገኝ። አንቺ ስለምትወጃት ብዬ አፌን ያዝኩ።»

አየህልኝ የኛን ነገር? እኔ ለሳቸው ብዬ፣ እሳቸው ለኔ ብለው፣ ይሉኝታችንን ታቅፈን አንዲት ቫን ስናስታምም ከረምን። ብብታቸውን ይዤ ብድግ ማድረግ ለኔም አያቅተኝም ነበር፤ አላየሁም። እሷ ነገር ትቆጠቁጠኛለች። የመኪናዋ ነገር ግን አልቆጠቆጠኝም፤ ሰኞ ዕለት ወሰንኩ።

ቫንህን ጎረቤታችን ጋሽ ተካ ገዟት። የእሁዱን ሰው አሁን እሳቸው ይጭናሉ፤ በየበሩ ሁለቴ ክላክስ የማድረግ አመልህንም አብረው ወርሰዋል። አዲሷን እኔ ማታ ገመዷን ሰክቼ እተኛለሁ፤ ጠዋት ሰልፍ የለ፣ ምን የለ። እማማም አንድም እሁድ አልቀሩም፤ ራስ ምታቱም ጠፋ።

አምስት ወንበር ነው ያላት። እኔ፣ እማማ፣ ሩት፣ ናሆም። አምስተኛውን፣ ያንተ ነው ብዬ ባዶውን ላኖረው አስቤ ነበር። ከዚያ ባዶ ወንበር ይዘህ ከሰፈር መውጣት እንዴት እንደሚያሳፍርህ ትዝ አለኝ፤ መስኮቱን ዝቅ አድርገህ «በዚህ በኩል የሚሄድ!» ስትል። ትናንት እሁድ እኔም መስኮቱን ዝቅ አደረግኩ። የሰፈራችን ወይዘሮ ብርቄ መርቀውህ ገቡ።

እንግዲህ እኔ አንተን የማስታውስህ እንዲህ ነው፣ የኔ ጌታ። ወንበርህ ላይ ሁልጊዜ ሰው ይኖራል።

ያንተው ሰናይት